በአምቦ የጸደቀው የማሳቹሴትስ ሕግ

ባለፈው ሳምንት ከካቺሲ ወደ አምቦ ወርጄ የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ብዬ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ትናንሽ ሱቆች ወደ አንዷ ጎራ አልኩ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ስለነበር ጥግ ይዤ ቆምኩ። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ የማባዣ መኪና አለ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ፈተና እያባዙበት ነው፤ ወረቀቱ ገና አልደረቀም። ያ የቀለም ሽታ፣ ከናፍጣ ቀለል ከአረቄ ከበድ ያለው ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ ባለሱቋ። «የለም ልጄ፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? እኔ እዚያ ሱቅ ውስጥ አልነበርኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ተቀምጬ፣ ትኩስ ወረቀት በእጄ ይዤ እያሸተትኩ ነበር። የደንብ ልብሴን እጅጌ ሰማያዊ ቀለም ነክቶት ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ቶሌራ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ «እናትሽ ዛሬ ትገርፍሻለች» እያለ በዚያ ቀስ ባለ ሳቁ ይስቅ ነበር። ኮፒውን ሳላስደርግ ወጣሁ።

ያኔ በጃንሆይ ዘመን አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ነበረች። በማኅተሙ ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ሀገረ ሕይወት፣ በሰው አፍ ግን አምቦ። ከሁሉቃ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ፍል ውሃው የሚወስደው መንገድ ከግራና ከቀኝ በዛፍ የተከለለ ስለነበር እኩለ ቀን ላይ እንኳ ጥላ ለጥላ ይኬድበታል። ዛሬ ባንክ የቆመበት ማዕዘን የአንድ የስልጤ ነጋዴ ሱቅ ነበር፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ጨው፣ ኩራዝ፣ አቡጀዴ፣ የፀጉር ቅባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከረሜላ ይሸጣሉ። ለተማሪ ሲሆን ከረሜላውን ቆጥረው አያውቁም፤ በእፍኛቸው ዘግነው ይሰጣሉ። ሻይ አምስት ሳንቲም ነው፣ ቦምቦሊኖ ሲጨመርበት አሥር። ስሙኒ የያዘ ልጅ ጓደኛውን ጋብዞ ይመለሳል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ አዲስ ሸክላ ያስመጣ ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፤ ከጉደር ሽንኩርት ጭኖ የመጣው ሰው አህያውን እንደያዘ አንገቱን ይነቀንቃል። ወንዶቹ ልጆች ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ ማሰፋት ጀምረው ነበር። እኛ ሴቶቹ ቀሚሳችንን ከጉልበት ከፍ ያደረግን ቀን በየቤታችን ጉድ ይፈላ ነበር። አሁን በዚያው መንገድ ስሄድ ባጃጁ ጥሩምባውን ይነፋብኛል፤ የማውቀው ፊት ፍለጋ በየበሩ እመለከታለሁ፤ ወጣቶቹ በትሕትና መንገድ ይለቁልኛል፤ ስሜን የሚጠራ ግን የለም።

አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የመንዝ ሰው። እናቴ የጉደር ልጅ ናት። ከእሱ ጋር አማርኛ፣ ከእሷ ጋር ኦሮምኛ እያወራሁ አደግሁ፤ በቤታችን ወሬ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው ማለቁ ለማንም አይገርምም ነበር። ወንድም እህት አልነበረኝም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ትምህርት ቤትን ያን ያህል የወደድኩት። በክፍላችን ሴቶች በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ ወንዶቹ ከጊንጪም፣ ከጌዶም፣ ከጀልዱም፣ ከግንደበረትም የመጡ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ሰኞ ሰኞ ከአገራቸው በሶና ቆሎ ተሸክመው የሚመለሱ ነበሩ። ቶሌራ ገላታ ከእነሱ አንዱ ነው። አገሩ ካቺሲ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ጠና ያለ፣ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገር ቀስ የሚል። ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን የሚያውቅ አይመስልም፤ እውነትም አያውቅም ነበር። ለማወቅ ነበር የሚጠይቀው።

የታሪክ አስተማሪያችን አሜሪካዊ ነበር፤ ሚስተር ኬለር እንበለው። ከዚያ በፊት የነበሩት አስተማሪዎቻችን ጥቁር ሰሌዳ ሞልተው ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን። ይኼኛው በብስክሌት ይመጣል፤ ጋቢ ለብሶ ገበያ ይወጣል፤ የበርበሬ ነገር አልሆንልህ ብሎት ወጥ በበላ ቁጥር ያለቅሳል። ለገበሬው ሁሉ «አካም ጅርታ» እያለ ሰላምታ ይሰጣል፤ ለሽማግሌ በ«አንተ» አይባልም፣ በአክብሮት ነው የሚባለው ብለን ብናርመው እስከሚሄድ ድረስ አልገባውም። ሽማግሌዎቹ ግን ይስቁለታል እንጂ አይቀየሙትም ነበር።

አንድ ቀን ያንን ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት አደለንና ስለ አገሩ ጥንት ይነግረን ጀመር። በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምረን፤ ዛሬ ትዝ የሚለኝ ግን በአማርኛ ነው። «አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከንጉሣቸው በተጣሉ ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው» አለን። «እስከዚያ ድረስ ሹሙም ዳኛውም የሚሾመው በንጉሡ ስም ነው። ስሙ ከተነሣ ታዲያ ማን በማን ስም ያዝዛል? ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት ተቀምጦ የየራሱን ሕገ መንግሥት ጻፈ።» ሁሉም አንድ ዓይነት አልጻፉም። የፔንሲልቬኒያ ሰዎች የበላይ ገዢ የሚባል አንፈልግም፣ አንድ ሸንጎ ይበቃናል አሉ። ኮኔቲከት ደግሞ ለመጻፍም አልደከመም፤ ንጉሡ የሰጡትን የድሮውን ሰነድ አውጥቶ ከውስጡ የንጉሡን ስም ብቻ ፋቀና ሥራውን ቀጠለ። ይህን ሲለን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ከሰሌዳው በላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ሰረቅ አድርገን አየንና ሁላችንም ዝም አልን።

ኒው ጀርሲ የሚባለው ግዛት ንብረት ያለው ነዋሪ ሁሉ ይምረጥ ብሎ ሲጽፍ «ወንድ» የሚል ቃል አላስገባም። ባል የሌላቸው፣ የራሳቸው ሀብት ያላቸው ሴቶች ታዲያ ሄደው መረጡ። «ከዚያስ?» አልኩ እኔ፣ እጄን ማንሣት ረስቼ። «ከአንድ ትውልድ በኋላ ወሰዱባቸው» አለኝ። ማሳቹሴትስ ግን ከሁሉም የተለየ መንገድ ሄደ። መጀመሪያ ሸንጎው ራሱ ሕጉን ጽፎ ለየከተማው ላከ። ሕዝቡ ተሰብስቦ አነበበና አንፈልግም አለ። እንደገና ለዚሁ ሥራ ብቻ ሰው ተመረጠ፣ እንደገና ተጻፈ፣ እንደገና በየከተማው አዳራሽ አንቀጽ በአንቀጽ እየተነበበ ሕዝቡ እጁን አነሣ።

«ገበሬውም?» አለ ቶሌራ።

«ገበሬውም።»

«ጥቁሮቹስ ተጠየቁ?»

ሚስተር ኬለር የእጁን ጠመኔ አራገፈ። «አብዛኞቹ አልተጠየቁም» አለ።

«ያልተጠየቀ ሰው ሕጉ የእሱ ነው ይባላል?»

«አይባልም» አለ ኬለር። ፊቱ ቀላ። ከዚያ በፊት አስተማሪ እንዲህ ያለ መልስ ሲመልስ ሰምተን አናውቅም ነበር። ቶሌራ ሳይስቅ፣ ሳይኮራ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ የወንበር ረድፍ አንድ ግዛት ሆነ። የእኛ ረድፍ ኒው ጀርሲ፣ የእነቶሌራ ማሳቹሴትስ። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ «አንተ ፔንሲልቬኒያ፣ ኳሷን አምጣ!» መባባል ተጀመረ። የየረድፉን ሕግ እየጻፍን እንከራከራለን፤ ማን ይምራ፣ ስንት ጊዜ ይምራ፣ ቢያጠፋ በምን ይውረድ። ያን ጊዜ የነበረን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያስፈራኛል፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ያለ ዋጋ እንደማይገኝ ማንም አልነገረንም። ሚስተር ኬለር የወላጆች ቀን ሲደርስ ይህንኑ በትያትር እናሳይ አለን። ዳይሬክተሩ የነቀምት ሰው ናቸው፣ ጠንቃቃ። ኮኔቲከትን ሙሉ በሙሉ አስወጡት፤ የማሳቹሴትስን አስቀሩ። «ሰው ተሰብስቦ እጅ ቢያነሣ ምን አለበት፣ ዕድርም እንደዚሁ ነው» አሉ። ጨዋታው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተስማማን።

የወላጆች ቀን ሜዳው ላይ ዳስ ተጣለ። ከፊት በተደረደሩት ወንበሮች የአውራጃው ሹም ተቀመጡ፤ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት በቅርቡ ተሹመው የመጡ፣ ሱፍ የለበሱ፣ ነጭ መሀረብ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ያደረጉ ሰው። የከተማው ሹማምንትና ነጋዴዎች ከጎናቸው ናቸው፤ ሐጂም አሉ። ከዚያ በኋላ በሣሩ ላይ የተቀመጠው ከየገጠሩ የመጣ ወላጅ ነው። የቶሌራ አባት ኦቦ ገላታ በበቅሎ ከካቺሲ መጥተው ነበር፤ ቡሉኳቸውን ተከናንበው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈካ እናያለን፤ ከምንናገረው ግን አንዲት ቃል አትገባቸውም።

ቶሌራ የከተማው ስብሰባ መሪ ሆኖ ቆመ። አንቀጹን በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ሹም የሕዝብ ወኪል ነው፣ ለሕዝብም መልስ ይሰጣል የሚል ነበር። ቀጥሎ የሚለው «የምትስማሙ እጃችሁን አንሡ» ነው፤ እኛ ደግሞ እጃችንን እናነሣለን። አላለም። ቆሞ አባቱን አየ። አባቱም እሱን ያዩታል፤ እንደ ደንቆሮ ሰው አፉን አፉን እያዩ። ያኔ ቶሌራ ወረቀቱን ዝቅ አደረገና ለሕዝቡ በኦሮምኛ ተናገረ። አንቀጹን እንዳለ ተረጎመላቸውና «ሴራ ከነ ኒ ፉዸቱ ሞ ኒ ዲዱ?» አለ። ይህን ሕግ ትቀበላላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ ማለቱ ነው።

ከዚያ ኦቦ ገላታ ከተቀመጡበት «ይችን እስቲ ድገማት» አሉት። ደገማት። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። አንዲት እናት፣ ሹሙ መልስ የሚሰጠው የት ነው፣ በገበያ ነው በቤቱ? ብላ ጠየቀች፤ ሣቅ ሆነ። ሌላው ተነሥቶ፣ እኛም ዘንድ እኮ ሕግ በኦዳ ሥር ነበር የሚታወጀው፣ ጌዶ አጠገብ ዛፉ ዛሬም አለ፣ አለ። ኦቦ ገላታ በበትራቸው ተደግፈው ቆሙና እጃቸውን አነሡ። «ሴራ ጋሪዸ!» አሉ፤ መልካም ሕግ ነው። ሣሩ ላይ የነበረው ሁሉ «ሴራ ጋሪዸ!» እያለ እጁን አነሣ። እናቴም አነሣች። እኔ መድረኩ ላይ ሆኜ ዕንባዬ ይወርድ ነበር፤ ትያትር መሆኑን ረስቼዋለሁ።

ፊት ወንበር ላይ ግን ሌላ ነገር እየተሰማ ነበር። በኦሮምኛ ሴራ ማለት ሕግ ነው። በአማርኛ ሴራ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ሹሙ ያን ሁሉ ሰው እጁን አንሥቶ «ሴራ፣ ሴራ» ሲል ሰሙ። ጎናቸው ወዳለው ሰው ዘንበል ብለው «የምን ሴራ ነው የሚሉት?» አሉ። ሰውዬው ደነገጠና «እኔ እንጃ ጌታዬ» አለ። ሹሙ መሀረባቸውን አስተካክለው ተነሥተው ሄዱ። ጠባቂዎቻቸው ተከተሏቸው። ዳይሬክተሩ መዝሙር አስጀመሩ፤ ግማሹ ሰው ግን ገና ስለ አንቀጹ እየተከራከረ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የቶሌራ ስም ተጠራና ከትምህርት መባረሩ ተነገረ። የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ ነው። ሚስተር ኬለር አዲስ አበባ ተጠርቶ ሄደ፤ ሲመለስ ዕቃውን ሊሸክፍ ነበር። ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ ዓመቱን እዚያ ጨረሰ አሉ። የሄደ ቀን ክፍላችን ገብቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ብስክሌቱን እየገፋ በባሕር ዛፎቹ ሥር ሲሄድ በመስኮቱ አየነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ሰምቼ አላውቅም።

ክፍላችን በሩን ዘግቶ ተማከረ። ግማሹ፣ ሄደን ዳይሬክተሩን እንለምን አለ፤ ግማሹ፣ እኛም እንባረራለን፣ አባቶቻችን ያላቸውን አንድ በሬ ሸጠው ነው የላኩን አለ። ለእነሱም መፍረድ ይከብዳል። እጅ እናንሣ ተባለ። አንዱ የጊንጪ ልጅ «ሴቶቹን አትቁጠሩ፣ ኒው ጀርሲም ወስዶባቸዋል» ሲል አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ተነሣሁ። «ወሰዱባቸው እንጂ እነሱ አልተውትም» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እጃችን ተቆጠረ፤ እንሂድ ያለው ወገን ያሸነፈው በእኛ በሴቶቹ እጅ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች፣ አባቷም ፍርድ ቤት ነው ብለው እኔን ላኩኝ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ «ሴራ እኮ በኦሮምኛ ሕግ ማለት ነው» ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኔ የወለጋ ሰው፣ ይህን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«ታዲያ ለምን ለሹሙ አይነግሯቸውም?»

«ነገሩን ለበላይ አስተላልፈዋል። አሁን ደግሞ ተሳስቼ ነው ብለው ይጻፉ?»

«እሺ እኔ ልንገራቸው» አልኩ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «የሺ፣ እኔ በመንግሥት እንጀራ የማድር ሰው ነኝ» አለኝ። በማግስቱ ግን ኮቱን ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከእኔ ጋር ወደ አውራጃው ግቢ ወጣ። ሹሙ ፊት እንደቆምን አባቴ «ልጄ አንዲት ነገር ልታስረዳ ነው ጌታዬ» አለ። አስረዳሁ። ሹሙ ጣታቸውን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ሰሙኝ። ክፉ ሰው አይመስሉም ነበር።

«ሕግ ነው ትያለሽ?»

«አዎ ጌታዬ። ሕግ።»

«ሕግ ከሆነማ የባሰ ነው» አሉ፤ ፈገግ ብለው በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል አመለከቱ። «ሕግ የሚወጣው ከዚያ ነው።» ከዚያ አባቴን አይተው ትንሽ ለዘብ አሉ። ልጁ ሴራ በመናገሩ ማጥፋቱን አምኖ በባንዲራ ሰዓት በተማሪው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ፣ ፈተናውን ይፈተናል አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ ሮጥኩ።

ቶሌራ ከመስጊዱ ጀርባ በተከራያት ክፍል ደጃፍ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ነበር። ኦቦ ገላታ ከወላጆች ቀን ወዲህ አልተመለሱም። ነገርኩት።

«ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

«ሴራ ተናግሬ አጥፍቻለሁ ብለህ።»

«አንቺ እኮ ሕግ ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«ሁሉም ያውቃል ቶሌራ። ቃል ነው። በልና ፈተናህን ተፈተን።»

አባቱ ምን እንደተባለ ጠየቁት፣ ነገራቸው። ሽማግሌውም ፈተናው የአንተ ነው፣ ዕድሜውም የአንተ ነው፣ እኔ አልወስንልህም፣ አሉት። ደጅ ላይ በቅሎዋ ትነጫነጫለች። ቶሌራ ወደ ውስጥ ገባና ልብሱንና መጻሕፍቱን በአንሶላ ቋጥሮ ወጣ።

«ፈተናውስ?» አልኩት።

«የሺ፣ አባቴ እጁን አነሣ» አለኝ።

እስከ ከተማው ዳርቻ ሸኘኋቸው። ኦቦ ገላታ በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ። በምንለያይበት ቦታ የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ያኔ ግን ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ቀርቶ ማሰቧ እንኳ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። እሱም አንዳች ሊል ብሎ ተወው። «ጌታ ይስጥሽ» አለኝ። ሽማግሌው ከበቅሏቸው ሆነው መረቁኝ። ዳገቱን ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው።

እኔ ፈተናዬን አለፍኩ፣ መምህርነት ተማርኩ፣ ምደባዬ ጎጆ ከተማ ደረሰኝ፤ የጀልዱው ጎጆ። ብርድ አገር ነው። ጭጋጉ ከሰዓት በኋላ ወርዶ በመስኮት ይገባል፤ ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ ሌላ የለም። ያገሬው ሰው ደግ ነው፤ ድንች ቀቅለው ይልኩልኛል። ከደሞዜ ለእናት አባቴ ልኬ በተረፈኝ ጫማና ሬዲዮ ገዝቻለሁ። ሬዲዮዋ ያንን የሻይ ቤቱን ሙዚቃ ታሰማኛለች፤ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙም ይደክማል። አንድ ሁለቴ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቴ «ምን ጎደለው?» ይለኛል፤ ምንም አልጎደለውም። እኔ ነበርኩ ጎደሎ። ከጊንጪ የሚነሣው ጭነት መኪና በበጋ ጎጆን አልፎ ወደ ካቺሲ ይቀጥላል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሆኜ አቧራው እስኪጠፋ አየዋለሁ። አንድ ጥር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ሄድኩ።

የገበያ ቀን ነበር። ቶሌራን ማን ያጣዋል፣ ልጅም ሽማግሌም ያውቀዋል። በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጧል፣ እሱ መሀል ላይ ቆሟል። ጺም አብቅሏል። መንደሩ በራሱ ጉልበት ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፤ የት ይሠራ የሚለውን እያንዳንዱ ቤት እየተጠየቀ ነው። ወንድ ብቻ አይደለም የተቀመጠው። ቶሌራ ከምንጩ አጠገብ ይሁን አለ። አንዲት ወጣት ሴት፣ ልጅ እንዳዘለች፣ ብድግ አለችና፣ ከምንጩ አጠገብማ በክረምት ይጨቀያል፣ ልጆቻችንን በሽታ ይፈጅብናል፣ አለች። ተከራከሩ፤ እሱም እሷም አይበገሩም። እጅ ተነሣ። የእሷ ሐሳብ አሸነፈ። ቶሌራ ከልቡ ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ እኔን ያየኝ።

«የሺ!» አለ፤ ተሻግሮ መጥቶ ጨበጠኝ። ወዲያው ወደዚያች ሴት ዞረ። «አየሻት እንዴት እንዳሸነፈችኝ? አያንቱ ትባላለች። ባለቤቴ ናት።»

አያንቱ ጉንጬን ስማ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ስለ እኔ ሰምታለች፤ ለቶሌራ ሹም ፊት የቆመችው አንቺ ነሽ አለችኝ። አጉርሳኝ፣ አልጋዋን ለቃልኝ፣ እሷ መደብ ላይ ተኛች። ልጠላት ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። ኦቦ ገላታ አርፈው ነበር። በማግስቱ ቶሌራ ግድግዳው የተጀመረውን ትምህርት ቤት አሳየኝ። «የጎደለን አስተማሪ ነው» አለኝ፣ የጭቃውን ግድግዳ በመዳፉ እየዳሰሰ። «ትመጫለሽ?»

«ዝውውር እጠይቃለሁ» አልኩት።

ጠየቅሁ። መልስ አልመጣም፤ ደግሜ ጠየቅሁ። አምቦ ድረስ ሄጄ በቢሮው ኮሪደር ስጠብቅ የዋልኩባቸው ቀናት ዛሬም እግሬን ያሙኛል። በዚያ መሀል የእነቶሌራን አገር ገበሬዎች ባለርስቱ ከመሬታቸው ሊያስነሣቸው መጣ። ሰዉ በዚያው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ አዲስ አበባ ሄዶ አቤት የሚልልን ማን ነው? ብሎ መከረ። ቶሌራን መረጡት። አያንቱም እጇን እንዳነሣች በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ጭነት መኪናው ላይ ተሳፍሮ ሄደ። በጎጆ ሲያልፍ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳስተምር ነበር፤ አላየሁትም።

ዝውውሬ የመጣልኝ አገሩ ሁሉ በተናወጠበት በዚያ ዓመት ነው፤ ሹሙም ባለርስቱም ያ ግድግዳ ላይ የነበረው ሥዕልም የወረዱበት ዓመት። ሣጥኔን ይዤ ካቺሲ ስደርስ አያንቱ መንገድ ላይ ወጥታ ተቀበለችኝ። ቶሌራ አልተመለሰም ነበር። አዲስ አበባ ከሚኒስቴሩ ደጅ አይተነዋል ያሉ ነበሩ፤ እስር ቤት አይተነዋል ያሉም ነበሩ። እኔም አያንቱም ተራ በተራ ሄደን ፈልገናል። የሚያውቀው አላገኘንም። መሬቱ ለገበሬው ሆነ ሲባልና ካቺሲ ስትጨፍር አያንቱ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ሄጄ አብሬያት ተቀመጥኩ።

እዚያ ትምህርት ቤት ፀጉሬ እስኪሸብት አስተማርኩ። የአያንቱን ልጆች ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ዛሬም እሑድ እሑድ አያንቱ እርጎ ይዛልኝ ትመጣና ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን። ስለ እሱ አንሥተን አናውቅም። ጭነት መኪናው ከታች ዳገቱን ሲጀምር ግን ሁለታችንም ወሬያችንን እናቆማለን። መኪናው ገበያው ላይ ይቆማል፣ ሰዉ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ትንሽ እንጠብቃለን። ከዚያ አያንቱ ነጠላዋን ታስተካክልና ወደ እኔ ሳትዞር፦

«ጠጪው እንጂ፣ ዝንብ ገባበት» ትለኛለች።